«መዝገቡን ጣይና በግምት ወስኚ» ለተባለች የግብር ኦዲተር

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ ወረዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የግብር ኦዲተር ሆኜ ከተቀጠርኩ ስምንት ወሬ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ፋይል አለ። የዓመት ሽያጩን 3,200,000 ብር፣ የተጣራ ትርፉን 35,000 ብር ብሎ አስታውቋል። የቅርብ ኃላፊዬ ‹እንዲህ ያለ ትርፍ የለም፤ መዝገቡን ጣይና ሌሎቹ በሚያተርፉት በ15 በመቶ ወስኚ› ይለኛል። ሰውየው ደግሞ ከአባቴ ጋር ጽዋ ይጠጣሉ። ባቀልለት ለወዳጅ አደላች፣ ባከብድበት ግፍ ሠራች መባሌ ነው። ብሳሳት በግሌ እጠየቃለሁ? ሥራውንስ ልቀጥል ወይስ ልተወው?»

ወደ ሒሳቡ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህ ፋይል ያንቺ አይደለም። የጽዋ ማኅበር ማለት ጥቂት ሰዎች በየወሩ በየተራ ቤት የሚገናኙበት ነው። ሰውየው እናንተ ቤት ጠበል ጸዲቅ የቀመሰ፣ አንቺንም ከልጅነትሽ ጀምሮ በስምሽ የሚጠራሽ ሰው ነው። የግብር አስተዳደር ሕጉ ይህን አስቦበታል። ግብር የሚወስን ሠራተኛ የግል፣ የቤተሰብ፣ የንግድ፣ የሙያ፣ የቅጥር ወይም የገንዘብ ግንኙነት ባለው ሰው ጉዳይ ላይ ሥልጣኑን እንዳይጠቀም ይከለክላል። የሥጋ ዝምድና ብቻ አይደለም የሚታየው።

«በትንሽ ከተማ ማን ከማን ጋር የማይተዋወቅ አለ?» ትዪ ይሆናል። እውነት ነው። መቶ ሁለት መቶ አባወራ ያለበት እድር ውስጥ አብሮ መሆን፣ በአንድ ደብር ማስቀደስ፣ አንድ ትምህርት ቤት መማር ከፋይል አያስወጣም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ደጀንም ሆነ ሞጣ፣ ብቸናም ሆነ ሉማሜ ኦዲት የሚያደርግ ሰው አይገኝም ነበር። መለያው ቀላል ነው። ውሳኔሽ ደርሶት በማግሥቱ ቤታችሁ ለመምጣት የሚያፍር፣ ወይም ተቆጥቶ የሚመጣ ሰው ከሆነ ፋይሉን ልቀቂ። በቃል አትልቀቂው። ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ፣ መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥርና ቀን አስሰጪው፣ አንድ ቅጂ ለራስሽ አስቀሪ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጥያቄ ቢነሣ የሚመሰክርልሽ ያ ወረቀት ነው።

ሁለተኛ ጥንቃቄ። ስትጽፊልኝ የሰውየውን ትክክለኛ ቁጥሮች ጽፈሽልኝ ነበር። ከላይ ያሉትን ቁጥሮችም የንግዱን ዓይነትም እኔ ነኝ የቀየርኳቸው። ግብር ከፋይ ለመንግሥት ያስታወቀው ገቢ ምሥጢር ነው። ሠራተኛው በሥራው ያገኘውን መረጃ ሕጉ ከሚፈቅድለት አካል ውጪ ለማንም እንዳያወጣ ግዴታ አለበት። ክፋት አስበሽ እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። ግን ቡና ላይም፣ ስልክ ላይም፣ እንደኔ ላለ ሽማግሌ ባለሙያም ቢሆን አትንገሪ። ምክር ስትጠይቂ ቁጥሩን ለውጠሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህን ፋይል ብትለቂም እንዲህ ያለው ትእዛዝ በሌላ ፋይል ላይ ይመጣብሻልና ስሚኝ። ኃላፊሽ የነገረሽ ውስጥ ሦስት ስህተት አለ።

የመጀመሪያው፣ ዝቅተኛ ትርፍ ማስታወቅ በራሱ ጥፋት አይደለም። ኪሳራ ማስታወቅም አይደለም። ኪሳራን ወደፊት ማሸጋገር የሚባለውን ነገር ሕጉ ራሱ ነው የፈቀደው፤ በፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የዘንድሮ ኪሳራ እስከ 5 ዓመት ድረስ ከሚመጣው ትርፍ ላይ ይቀነሳል። ነጋዴ ይከስራል ብሎ ሕግ ካወቀ፣ ኦዲተር «የሚከስር የለም» ብሎ መነሣት አይችልም። ዝቅተኛ ትርፍ ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬ ፋይሉን ለመክፈት ይበቃል፤ ለመወሰን ግን አይበቃም።

ሁለተኛው፣ «መዝገቡን ጣይ» የሚባል ሥልጣን በቃል አይሰጥም። የግምት ውሳኔ አለ፣ አልካድኩም። ማስታወቂያ ላላቀረበ፣ መዝገብ ላልያዘ፣ ወይም የያዘው መዝገብ የማይታመን መሆኑ ለተረጋገጠበት ሰው ነው። እሱም ቢሆን ባለው ማስረጃ ላይ የቆመ መሆን አለበት። መዝገብ ውድቅ የምታደርጊ ከሆነ የትኛው ደረሰኝ፣ የትኛው ቀን፣ የትኛው ቆጠራ እንዳልታመነ አንድ በአንድ ትጽፊያለሽ። ትርፉ አንሶ መገኘቱ ምክንያት አይደለም። እሱማ ልትመረምሪው የተነሣሽበት ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። 15 በመቶው የምኑ ነው? የጠቅላላ ትርፍ ነው (ከሽያጩ የዕቃው መግዣ ብቻ የተቀነሰበት) ወይስ የተጣራ (ሌላው ወጪም የተቀነሰበት)? ነጋዴ «በ15 ነው የምሸጠው» ሲልሽ አብዛኛውን ጊዜ በገዛበት ዋጋ ላይ የሚጨምረውን ነው የሚነግርሽ። መቶ ብር የገዛውን በ115 ይሸጣል ማለት ነው። ይህ ከሽያጩ ሲሰላ 13 በመቶ ብቻ ነው። ገና የቤት ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራት፣ ማስጫኛ አልተቀነሰም። ያንን ቁጥር አንሥተሽ በ3,200,000 ላይ አባዝተሽ 480,000 ብር የተጣራ ትርፍ ነው ካልሽ፣ ሰውየው ኪራይ የማይከፍል፣ ወዛደር የማያሠራ ነጋዴ ነው ማለትሽ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቁጥሮችን እርስ በርስ ማናገር ነው። የማስታወቂያውን ቅጽ ለብቻው ብታፈጥጪበት ምንም አይነግርሽም። ካምናው ማስታወቂያ ጋር ስታስቀምጪው፣ ከቫቱ (ከተጨማሪ እሴት ታክሱ) ጋር፣ ከዊዝሆልዲንጉ (ገዢ ከክፍያ ላይ ቀንሶ ከሚያስቀረው ግብር) ጋር፣ ከካሽ ሬጅስተሩ (ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ) ጋር ስታስቀምጪው ይናገራል።

ለማሳያ እንዲሆነን ዝርዝሩን እኔ ልሙላው። ሰውየው እንዲህ አስታወቀ እንበል። የዓመቱ መጀመሪያ ዕቃ 600,000 ብር፣ በዓመቱ የተገዛ 2,800,000 ብር፣ ሰኔ 30 ቀን ተቆጥሮ የቀረ 450,000 ብር። ስለዚህ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 2,950,000 ብር ይመጣል። ሽያጩ 3,200,000 ስለሆነ ጠቅላላ ትርፉ 250,000 ነው። ወጪው 215,000። የተጣራው 35,000። ስሌቱ ልክ ነው፤ አንድ ሳንቲም አልተሳሳተም። ችግሩ ስሌቱ ውስጥ አይደለም።

የአምናውን ፋይል አውጪ። አምና ሰኔ 30 ቀርቷል ያለው ዕቃ ስንት ነው? 480,000 ብር። ዘንድሮ ሐምሌ 1 ቀን የጀመረው በ600,000 ነው። በአንድ ሌሊት መጋዘኑ ውስጥ የ120,000 ብር ዕቃ ከየት መጣ? ይህ ክርክር የለውም። ሁለቱንም ቁጥር የጻፈው፣ ሁለቱንም የፈረመው እሱ ነው። መጀመሪያውን ወደ 480,000 ስትመልሺው የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 2,830,000 ይሆናል፤ ጠቅላላ ትርፉ ወደ 370,000 ያድጋል። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ብዙ ግኝት ያገኘሁት እዚህች ቦታ ላይ ነው። ሒሳቡን የሚሠራለት ሰው ሲቀየር፣ አዲሱ ሠራተኛ ያምናውን ሳያይ ሲጀምር፣ ወይም ሆን ተብሎ ይፈጠራል። አንቺ ግን ሆን ብሎ ነው አይደለም የሚለውን ለመፍረድ አትቸኩዪ። ልዩነቱን ጻፊው፣ ማብራሪያ ጠይቂው።

ቀጥሎ ወጪው ውስጥ ግቢ። «ጥገና 60,000 ብር» ይላል። ደረሰኙን ስታወጪው ሐምሌ መጀመሪያ የተገዛ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ነው። ይህ ጥገና አይደለም፣ ቋሚ ዕቃ ነው። ባንድ ዓመት ተጠቅልሎ አይቀነስም። ለኮምፒውተር የተፈቀደው የእርጅና ቅናሽ በቀጥተኛው ዘዴ (በየዓመቱ እኩል በሚቀነስበት) በዓመት 20 በመቶ ነው። 12,000 ብሩን ትተዪለታለሽ፤ 48,000 ብሩን ወደ ትርፉ ትመልሻለሽ። እዚህ ላይ ልብ በዪ። 12,000 ብሩን የምትተዪለት ለደግነት ብለሽ አይደለም፤ መብቱ ስለሆነ ነው። የሚጎዳውን ብቻ እያወጣ የሚጠቅመውን የሚያልፍ ኦዲተር ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

አሁን ደምሪው። 35,000፣ 120,000፣ 48,000። የተጣራው ትርፍ 203,000 ብር ሆነ። ኃላፊሽ ከሚለው ከ480,000 ያንሳል፤ ሰውየው ካስታወቀው ደግሞ ስድስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከሁሉም በላይ ግን እያንዳንዱ ብር የመጣበት አለው። አንዱ ከራሱ ያምና ማስታወቂያ፣ አንዱ ከራሱ ደረሰኝ። ቅሬታ ቢያቀርብ ምን ይላል? 480,000ው ግን ባንድ ጥያቄ ይወድቃል። «የማን 15 በመቶ ነው?» ይባላል። ስሙን መናገር አትችዪም፤ የሌላው ነጋዴ መረጃም ምሥጢር ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመቴ እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ እህል ነጋዴ ነበሩ፣ ጤፍ ከገበሬ ሰብስበው ወደ አዲስ አበባ የሚጭኑ። መዝገባቸው የተዝረከረከ ነበር። ጎረቤታቸው የሚያስታውቀውን አይቼ በንጽጽር ጨመርኩባቸው። ቅሬታ ሲታይ ተጠራሁ። ከሰብሳቢዎቹ አንዱ የሥራ ወረቀቴን ገልጠው «ይህች ቁጥር ከየት መጣች?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ውሳኔው ተሻረ። ያሳዘነኝ መሻሩ አይደለም። ሰውየው ለሁለት ወር ያህል ንግዳቸውን ትተው ከቢሮ ቢሮ ሲመላለሱ ነው የከረሙት። ደጅ ላይ ቆመው ሳያቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላም ይሉኝ ነበር። እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የእኛን አገር ነጋዴ ስትመረምሪ በቅጹ ላይ የማታዪው አንድ ትልቅ ነገር ደግሞ አለ። ዱቤ ነው። የግብር ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በጎጃም ሰኔ ገበሬው እጁ ላይ ብር የሌለበት ወር ነው። ማዳበሪያና ዘር ገዝቷል፣ ያለፈው ጤፍ ተሸጦ አልቋል፣ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። ቆርቆሮና ምስማር በዱቤ ወስዶ የሚከፍለው አዝመራው ገብቶ ሲሸጥ፣ ከጥር ከየካቲት በኋላ ነው። ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ፣ ማለት ሙሉ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ትልቁ ነጋዴ፣ ደግሞ ሽያጩን መመዝገብ ያለበት ዕቃው በተሸጠበት ጊዜ ነው እንጂ ብሩ እጁ ሲገባ አይደለም። ብዙዎቹ ይህን አያውቁም። ብሩ ሲመጣ ነው ደረሰኝ የሚቆርጡት።

ስለዚህ ሱቁን ስትጎበኚ የዱቤ ደብተሩን ጠይቂ። ሁልጊዜ አለ። አንድ ጊዜ ያየሁት ሽፋኑ የወላለቀ፣ በጎማ የታሠረ የተማሪ ደብተር ነበር። ከሚዛኑ ጀርባ ነው የሚቀመጠው። ውስጡ «አያ» እገሌ 12 ቆርቆሮ፣ «እትዬ» እገሊት 2 ኪሎ ምስማር፣ ቀኑ፣ ቀጥሎ የተከፈለው በሰያፍ መስመር ተሰርዞ። ባለሱቁ ይህን ደብተር ከመንግሥት መዝገብ ይልቅ ያከብረዋል፤ ኑሮው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ያልተሰረዙትን ደምሬ ከካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርት (ማሽኑ ከሚያወጣው የየቀኑ ሽያጭ ድምር) ጋር ሳመሳክር ያልተመዘገበው ሽያጭ ተገኘ። ግን ደግሞ በተቃራኒው ካለፈው ዓመት የተሸጠ፣ ዘንድሮ የተከፈለና ዘንድሮ ደረሰኝ የተቆረጠለት ነበረ። እሱን መቀነስ ነበረብኝ፣ ቀነስኩት። ደብተሩን ለማየት ስትጠይቂ በትሕትና ጠይቂ። በፊቱ ተመልከቺው፣ ቅጂ አንሺ፣ ደብተሩን ከወሰድሽም በጽሑፍ ተረክበሽ ውሰጂ። «ዱቤ ቀርቶብኛል፣ ጠፍቷል» ካለሽ ደግሞ በቃሉ አይቀነስለትም። የጠፋ ዕዳ የሚቀነሰው ቀድሞ እንደ ገቢ የተመዘገበ፣ ከመዝገብ የተሰረዘና ለማስከፈል ሕጋዊ እርምጃ ተወስዶ ያልተገኘ ሲሆን ነው።

ትርፉ በእውነት ያነሰበትንም ፈልጊ። ይህ የሥራሽ ግማሽ ነው። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን መንገድ የተዘጋባቸው፣ ኢንተርኔት የተቋረጠባቸው፣ ሱቅ ያልተከፈተባቸው ቀኖች ነበሩ። ዜድ ሪፖርቱ በቀን በቀን ስለሚወጣ የተሸጠበትንና ያልተሸጠበትን ቀን መቁጠር ይቻላል። አንድ መደብር በዓመት 300 ቀን ከፍቶ የሸጠና 190 ቀን ብቻ የሸጠ አንድ ዓይነት ትርፍ አያመጡም። ኪራዩና ደመወዙ ግን አንድ ነው። የጭነት ዋጋም ባንድ ጊዜ እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ነጋዴው ለአይሱዙ ሹፌር የከፈለው ደረሰኝ የለውም ብለሽ ወጪውን ልትጥዪ ትችያለሽ፤ ሕጉ ደረሰኝ ይጠይቃልና። ግን ያው ወጪ ትርፉ ለምን እንዳነሰ ይነግርሻል። ለመቀነስ አይበቃም፣ ለመረዳት ግን ይጠቅማል። እነዚህን ሁለቱን አትቀላቅዪ።

ስለ ሕጉ አንድ ማሳሰቢያ። ወረዳ ላይ የምትሠሪው በክልሉ ሕግ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የግለሰብ ነጋዴዎችን ገቢ ግብር የሚጥሉትና የሚሰበስቡት ክልሎች ናቸው፤ የኩባንያ ትርፍ ደግሞ የጋራ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የገቢ ግብርና የግብር አስተዳደር አዋጅ ያወጡት ለዚህ ነው። ይዘቱ ከፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 እና የግብር አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ጋር በአብዛኛው ይመሳሰላል። ቢሆንም የግለሰብ ነጋዴ ውሳኔ ላይ የፌዴራሉን አንቀጽ ጠቅሰሽ ብትጽፊ በማይመለከተው ሕግ ወሰነች ይባላል። የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ሦስት የነበረው የግብር ከፋዮች ደረጃ ሁለት ሆኗል፣ ወሰኑም 2 ሚሊዮን ብር ነው። ስለዚህ የምትመረምሪው የትኛውን ዓመት እንደሆነ አስቀድመሽ ለዪ። ለአንድ ዓመት ገቢ የሚሠራው በዚያ ዓመት የነበረው ሕግ ነው። የቆየ ፋይል ላይ አዲሱን ደረጃ መጠቀም በየቦታው የማየው ስህተት ነው።

ኃላፊሽን እንዴት ትመልሺዋለሽ? አትጣዪው። እሱም ዕቅድ ተሰጥቶታል፤ ሩብ ዓመቱ ሲዘጋ የሚጠየቀው ስንት ሰበሰብክ ተብሎ ነው። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን ዕቅድ የጽሕፈት ቤቱ እንጂ የግብር ከፋዩ ዕዳ አይደለም። እንዲህ በዪው፦ «በ480,000 ብወስን ቅሬታ ላይ ይሻርብናል፣ ጊዜም ገንዘብም እናጣለን። በማስረጃ ያገኘሁት ይህን ያህል ነው፤ ይህ ይቆማል።» ብዙ ኃላፊ ይህን ሲሰማ ይለዝባል። አሁንም ካስገደደሽ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቂው። ሲጽፍ ራሱ ያስብበታል። ከጻፈውም አንቺ የኦዲት ሪፖርትሽን በግኝትሽ ልክ አቅርቢና የተለየ ሐሳብሽን ከፋይሉ ጋር አያይዢ። ያላመንሽበት ቁጥር ላይ አትፈርሚ። በዚህ ላይ ምንም መካከለኛ መንገድ የለም።

በግል ስለመጠየቅ። በቅን ልቦና የተሠራ የስሌት ስህተት ወንጀል አይደለም። የተሻሻለ የግብር ውሳኔ የሚባል ነገር አለ፤ ቅሬታም ይግባኝም አለ። የሚያስጠይቅሽ ሆን ብለሽ ማሳነስሽ ወይም ማብዛትሽ፣ ግንኙነትሽን መደበቅሽ፣ ምሥጢር ማውጣትሽ፣ ጥቅም መቀበልሽ ነው። እነዚህ በዲሲፕሊንም በወንጀልም ያስጠይቃሉ፤ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ለእንዲህ ያለው የወጣ ነው። ጥቅም ሲባል ፖስታ ውስጥ ያለ ብር ብቻ አይምሰልሽ። የእኛ አገር ሰው ደግ ነው። አንድ ማሰሮ ማር ለቤትሽ ይልካል፣ ለፋሲካ በግ ያስጎትታል፣ «ለልጄ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ እኔ ሳልኖር እቤት ማር ተሰጥቶ ጠበቀኝ። ባለቤቴ ከማን እንደመጣ እንኳ አላወቀችም ነበር። ያንኑ ማታ ተሸክሜ መለስኩ። ሰውየው ተቀየሙኝ። ፋይላቸውን ስጨርስ ግን ቅሬታቸውን ፊት ለፊት ይዘው መጡ፣ እኔም ፊት ለፊት መለስኩላቸው። ማሩ ቤቴ ቢያድር ኖሮ ቀና ብዬ አላያቸውም ነበር። ሌላም አለ፤ ብዙ ወጣቶች ትርፍ ሰዓት ላይ ለነጋዴ ሒሳብ ይሠራሉ። ግብር የምትወስኚ እስከሆነ ድረስ የግብር አማካሪ መሆን ወይም ለነጋዴ ማስታወቂያ ለሚያዘጋጅ ሰው ተቀጥሮ መሥራት ክልክል ነው። ለሌላ ወረዳ ነጋዴ ቢሆንም።

ውሳኔው ከመጻፉ በፊት ሰውየውን ቁጭ አድርጎ ግኝቱን ማስረዳት የግድ ነው። ብዙ ቦታ የመውጫ ስብሰባ የሚባለው ለይስሙላ አምስት ደቂቃ ተደርጎ ፊርማ ይሰበሰባል። አንቺ እንዲህ አታድርጊ። ያምናውንና የዘንድሮውን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጪና በጣትሽ አሳዪው። ማንበብ የማይችል ከሆነ የሚያምነውን ሰው ይዞ ይምጣ። ቅሬታ የማቅረብ መብት እንዳለው ንገሪው፤ ቀኑንም ንገሪው። በፌዴራሉ አዋጅ ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ነው። በቅሬታው ውጤት ካልተስማማ ወደ ግብር ይግባኝ የሚሄደው በ30 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ የተከራከረበትን ግብር 50 በመቶ ማስያዝ አለበት። የክልሉን አዋጅ ከፍተሽ የዚያውን ቀንና መጠን በማስታወቂያው ላይ ጻፊለት። 50 በመቶ ማስያዝ ማለት ለትንሽ ነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ አስቢ። ባላግባብ የጨመርሽበት የመቶ ሺህ ብር ግብር፣ ለመከራከር ብቻ ግማሹን ከኪሱ ያስወጣዋል። መቀጫም አለ፤ ያሳነሰው ግብር 10 በመቶ፣ ሲደጋገም 30ና 40 በመቶ ድረስ። ቁጥርሽ ወረቀት ላይ አይቀርም፤ ቤቱ ድረስ ይገባል።

ስለ ጎጃምና ስለ ግምት ታሪክም እናውቃለን። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ የገበሬውን ምርት አይቶ ገቢውን የሚገምት ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። ሕዝቡ ግምቱን አላመነውም። መሬት ሊለካ ነው፣ ርስት ሊነካ ነው ብሎ ተነሣ። ሞጣና ብቸና ዋናዎቹ የአመፁ ቦታዎች ነበሩ። ሰው አለቀ፣ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። የዚያን ጊዜ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ርስቱም አስተዳደሩም አለበት። አንዱ ግን ይህ ነበር፦ ገማቹ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ለገበሬው የሚያስረዳ አልነበረም። አያቴ ግብር አልጠላም ይሉ ነበር፤ እህል ወቅተው ሳይጨርሱ ነበር ግብራቸውን የሚለዩት። የሚጠሉት መገመትን ነው።

ልቀጥል ወይስ ልተው ላልሽው፣ ቀጥዪ። ስምንት ወር ቆይቶ «ግፍ ሠራች እንዳልባል» ብሎ የሚጨነቅ ሰው እዚያ ወንበር ላይ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ፈተናው አይቀልም። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ በዓል ሲደርስ ሰላምታው ይበዛል፣ ሩብ ዓመት ሲዘጋ ጩኸቱ ይበዛል። የምትተዪው አንድ ነገር ሲሆን ብቻ ነው፤ ያላመንሽበትን ቁጥር ካልፈረምሽ እዚያ መሥራት የማትችዪ ከሆነ። ያኔም ቢሆን ከመልቀቅ በፊት ወደ ሌላ ክፍል፣ ወደ ግብር ከፋዮች ትምህርት ወይም ወደ ሌላ ወረዳ ዝውውር ጠይቂ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቢ ደብዳቤውን አስገቢ። ፋይሉን ከነአባሪው ቆጥረሽ ለሚረከብሽ ባልደረባ አስፈርመሽ ስጪ። ምን ገምተሽ እንደነበር አትንገሪው፤ ራሱ ያግኘው። ቀጥሎ የሚመጣልሽን ፋይል ስትከፍቺ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመሽ ያምናውን የሰኔ 30 ቆጠራ ከመዝገብ ቤት አስወጪ።